ልዕልቷ ነርስ፦ የልዕልት ፀሐይ ሕይወትና መድኃኒትን በጥንቃቄ የመስጠት ሙያ

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች በየዓመቱ አዳዲስ የነርስ ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ይገባሉ። አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚጨነቁት መርፌ ስለ መውጋት ነው። እጅ ግን በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል። ዓመታት የሚጠይቀው በመርፌው ውስጥ ያለው መድኃኒት ለዚህ ታካሚ፣ በዚህ መጠን፣ በዚህ ሰዓት የታዘዘ መሆኑን ሳያረጋግጡ እጅን ያለመዘርጋት ልማድ ነው። የዛሬው ዓምዳችን ይህን ልማድ ከአንዲት ኢትዮጵያዊት ነርስ የሕይወት ታሪክ ጋር አያይዞ ያቀርባል። ነርሷ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ ልዕልት ፀሐይ ናቸው። ጽሑፉ ለተማሪዎች ቢዘጋጅም፣ ቤት ውስጥ ለልጅ ሽሮፕ የሚሰጥ ወላጅም ሆነ አባቱን መድኃኒት የሚያስታውስ ልጅ ይጠቀምበታል ብለን እናምናለን።

ልዕልት ፀሐይ የተወለዱት በጥቅምት ወር 1912 ዓ.ም. ነው። አባታቸው በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ይባሉ ነበር። የአጋጣሚ ነገር ሆኖ፣ ልዕልቷ በተወለዱ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ በእንግሊዝ አገር የነርሶች ምዝገባ ሕግ ወጣ። ሕጉ ነርስነትን በፈተና የሚረጋገጥና በመዝገብ የሚሰፍር ሙያ ያደረገ ነበር። ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ የልዕልቷም ስም በዚያው አገር የተመዘገቡ ነርሶች ተርታ ውስጥ ገባ።

ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር ልዕልት ፀሐይ ገና 16 ዓመታቸው ነበር። ከእናታቸው ጋር ሆነው ለዘማቹ ፋሻና የጋዝ መከላከያ ጭምብል በሚያዘጋጁ ሴቶች ሥራ ውስጥ ተሳተፉ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ሲወጡ እሳቸውም ከቤተሰቡ ጋር ወደ ስደት ሄዱ። በጅቡቲና በኢየሩሳሌም በኩል አልፈው እንግሊዝ አገር ገቡ፤ ቤተሰቡም ባዝ በተባለች ከተማ ተቀመጠ። ልዕልቷ እንግሊዝኛ ስለሚችሉ ለአባታቸው ያስተረጉሙ ነበር።

በስደት ያለች የንጉሥ ልጅ ቤት ውስጥ ተቀምጣ የአገሯን መልካም ዜና ብትጠብቅ የሚወቅሳት አልነበረም። ልዕልት ፀሐይ ግን ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ጀመሩ። ይህ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1852 የተከፈተ፣ በሕፃናት ሕክምና ስሙ የታወቀ ተቋም ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ የነርስ ተማሪ ትምህርቷን የምትጀምረው ከታች ነው፤ አልጋ ታነጥፋለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ሕፃናትን ትመግባለች፣ የሰውነት ሙቀት ትለካለች። መድኃኒት የሚሰጠው የክፍሉ ኃላፊ ነርስ እያየች ነበር።

የዚያ ዘመን የመድኃኒት አያያዝ ለዛሬ ተማሪ ብዙ ያስተምራል። መርዛማ መድኃኒቶች በተቆለፈ ቁም ሳጥን ይቀመጡ ነበር። ብዙ ጊዜም ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ በሆነ፣ ጎኑ ሸንተረር ባለው ጠርሙስ ይሞላሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በሌሊት መብራት በደከመበት ክፍል የነርሷ ዓይን ቢሳሳት እንኳ ሻካራው ጠርሙስ ለእጇ ይነግራታል። በዚያን ጊዜ መለኪያውም አስቸጋሪ ነበር። መድኃኒት በግሬን፣ በድራምና በአውንስ ይታዘዛል። አንድ አውንስ ስምንት ድራም ነው፤ የሁለቱ ምልክት ደግሞ በእጅ ጽሑፍ በጣም ይመሳሰላል። ምልክቱን ያሳሳተ ሰው ስምንት እጥፍ መድኃኒት ይሰጣል ማለት ነው።

ዛሬ ግሬንና ድራም ቀርተዋል፤ ሚሊግራምና ሚሊሊትር ተተክተዋል። ስሕተቱ ግን መልኩን ለውጦ አለ። 0.5 ሚሊግራም ተብሎ የታዘዘ መድኃኒት ከፊቱ ያለችው ዜሮ ተዘንግታ .5 ብቻ ተብሎ ቢጻፍ፣ ነጥቧ ካልታየች 5 ይሆናል፤ አሥር እጥፍ። 5.0 ተብሎ ሲጻፍም 50 ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ ከነጥብ በፊት ዜሮ መጻፍ፣ ከሙሉ ቁጥር በኋላ ግን ነጥብና ዜሮ አለመጨመር መመሪያ ነው። ሚሊግራም የመድኃኒቱ መጠን፣ ሚሊሊትር ደግሞ የፈሳሹ ልክ መሆኑንም ተማሪ አንድ ቀን እንኳ ማደባለቅ የለበትም።

በሕፃናት ክፍል ይህ ጉዳይ የበለጠ ይከብዳል። ለአዋቂ ትንሽ የሆነ ልዩነት ለጨቅላ ብዙ ነው። የሕፃን መድኃኒት የሚሰላው በክብደት ስለሆነ ሕፃኑ መመዘን አለበት፤ በዓይን ገምቶ ወይም እናትን ብቻ ጠይቆ ማስላት አይገባም። ምሳሌ እንውሰድ። 12 ኪሎ የምትመዝን ሕፃን በኪሎ 15 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ብትታዘዝ፣ አንድ ጊዜ የምትወስደው 180 ሚሊግራም ነው። ሽሮፑ በየ5 ሚሊሊትሩ 120 ሚሊግራም ካለው የሚሰጣት 7.5 ሚሊሊትር ይሆናል። ሌላ ጠርሙስ ግን በ5 ሚሊሊትር 250 ሚሊግራም ሊይዝ ይችላል። በዚህኛው ያው 7.5 ሚሊሊትር ከታዘዘው ሁለት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ የጠርሙሱን ስም ብቻ ሳይሆን በጎኑ የተጻፈውን መጠን ማንበብ ግድ ነው። ቤት ውስጥም የወጥ ማንኪያ መለኪያ አይደለም፤ ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣውን መስፈሪያ ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይጠቀሙ።

ልዕልት ፀሐይ ተማሪ በነበሩበት ጊዜ የሕክምናው ዓለም በአዲስ ተስፋ ተሞልቶ ነበር። ሰልፋ የሚባሉት መድኃኒቶች ቀድሞ ይገድሉ የነበሩ ኢንፌክሽኖችን ማዳን ጀምረው ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ አንድ ኩባንያ የሰልፋ መድኃኒትን በፈሳሽ መልክ ለማዘጋጀት ዳይኢታይሊን ግላይኮል በተባለ ኬሚካል አሟሟው። ጣዕሙ ጣፋጭ ነበር፤ መርዝ መሆኑ ግን አስቀድሞ አልተፈተሸም። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። በዚህ ምክንያት በአሜሪካ በማግስቱ ዓመት መድኃኒት ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት ደኅንነቱ እንዲረጋገጥ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ይህ የሩቅ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በጋምቢያ በዚሁ ዓይነት ኬሚካል የተበከለ ሽሮፕ ከ60 ለሚበልጡ ሕፃናት ሞት ምክንያት ሆኗል። ስለዚህ ነርስ የመድኃኒቱን መለያ፣ የአምራቹን ስም፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን፣ ቀለሙንና እሽጉን ማየት አለባት። ሕዝባችንም ምንጩ ያልታወቀ መድኃኒት ከገበያ ባይገዛ ይመረጣል።

ልዕልት ፀሐይ ትምህርታቸውን አጠናቀው ነሐሴ 19 ቀን 1931 ዓ.ም. የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆኑ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተጀመረ። እሳቸውም በለንደኑ ጋይስ ሆስፒታል ሥልጠናቸውን ቀጠሉ። ከተማዋ በአውሮፕላን በምትደበደብበት ጊዜ ነርስነትን መማር ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ታካሚ ይበዛል፣ መብራት ይጠፋል፣ እንቅልፍ ይታጣል። ሥርዓት የሚያስፈልገው ደግሞ በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ክፍሉ ሲረጋጋ ማንም ጠንቃቃ ሊሆን ይችላል። ተረኛዋ ነርስ ለብዙ ታካሚ ብቻዋን ስትሆን፣ ቤተሰብ በዙሪያዋ ሲጣራና ስልክ ሲጮኽ የሚያድናት ጸንቶ የኖረ ልማዷ ነው።

ይህን ልማድ በአምስት ጥያቄ ማሳጠር ይቻላል፦ ትክክለኛው ታካሚ ነው? ትክክለኛው መድኃኒት ነው? መጠኑ ትክክል ነው? የሚሰጥበት መንገድ ትክክል ነው? ሰዓቱ ትክክል ነው? አምስቱ ሲሟሉ ይሰጣል፤ እንደተሰጠም ወዲያው ይመዘገባል። ሳይሰጥ አስቀድሞ መመዝገብ፣ ወይም ሰጥቶ በኋላ እመዘግባለሁ ማለት ሁለቱም አደገኛ ናቸው። ባልተመዘገበ መድኃኒት ላይ ተረካቢዋ ነርስ ሁለተኛ ጊዜ ልትሰጥ ትችላለች። አንዷ ያዘጋጀችውን ሌላዋ ባትሰጥም መልካም ነው፤ የቀዳው ሰው ራሱ ይስጥ።

እነዚህ አምስት ጥያቄዎች በሁሉም አገር የሚማሩ ናቸው። በእኛ አካባቢ ግን የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። የመጀመሪያው ስም ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት የሽወርቅ፣ ሦስት አበበ መተኛታቸው የተለመደ ነው። አንዳንዱ ታካሚ ቤተሰቡ በሚጠራው ስም ካርድ ያወጣል፤ ሌላው በክርስትና ስሙ ይመዘገባል። ከገጠር የመጡ አረጋውያን ደግሞ ነርሷን ላለማስቀየም ሲሉ ለተጠሩበት ስም ሁሉ አቤት ይላሉ። ስለዚህ እማማ፣ የሽወርቅ ነዎት? ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ስምዎን ከነአባትዎ ከነአያትዎ ይንገሩኝ ብሎ ራሳቸው እንዲናገሩ ማድረግና ከካርድ ቁጥሩ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። የአልጋ ቁጥር መለያ አይደለም፤ ታካሚ አልጋ ይቀይራል።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። እኛ ቀኑን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምረን እንቆጥራለን፤ የሆስፒታል ቻርት ግን ብዙ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሞላል። ቻርቱ ላይ 8:00 ተብሎ የተጻፈው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ብሎ የተረዳው ተማሪ መድኃኒቱን በስድስት ሰዓት ያዘገየዋል። በየስምንት ሰዓቱ ለሚሰጥ የአንቲባዮቲክ መርፌ ይህ ቀላል መዘግየት አይደለም። ክፍሉ የሚጠቀመው የትኛውን አቆጣጠር እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። ታካሚን ስትሸኙም በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ አትበሉ፤ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ብላችሁ ንገሩ።

ሦስተኛው የአኗኗራችን ሁኔታ ነው። በጾም ወቅት እስከ ቀትር በኋላ እህል የማይቀምሱ ታካሚዎች የጠዋቱን መድኃኒት ይዘሉታል፤ ካልተጠየቁ ግን አይናገሩም። ጸበል የሚጠመቁም አንዳንዶች መድኃኒታቸውን ያቋርጣሉ። መገሠጽ ያሸሻቸዋል። አክብሮ መጠየቅና ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ የሚስማማ ሰዓት መፈለግ፣ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ማስረዳት ይሻላል። ሜትሮኒዳዞል የሚወስድ ሰው በበዓል ቀን ጠላም ሆነ አረቄ እንዳይጠጣ፣ ነፍሰ ጡር እናት የብረት ክኒኗን ከቡና ወይም ከሻይ ጋር እንዳትወስድ መንገርም የነርሷ ሥራ ነው። ኢንሱሊን የሚወስዱ ታካሚዎቻችን ደግሞ ከብርዳማው የጮቄ ተራራ ሥር እስከ ሞቃታማው የዓባይ በረሃ ይኖራሉ። ኢንሱሊን በረዶ ከሠራ ይበላሻል፤ ቢቀልጥም አይሰጥም። ሙቀት በሚበዛበት ቆላ ማቀዝቀዣ ከሌለ እርጥብ አሸዋ በያዘ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ይጠቅማል።

ወደ ልዕልቷ ታሪክ እንመለስ። ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ገብተው፣ የጎጃምን ምድር አቋርጠው መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ደረሱ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ገቡ። ልዕልት ፀሐይም ከስደት ተመልሰው የተማሩትን ለወገናቸው ለማዋል ሥራ ጀመሩ። በደሴ ሆስፒታልም አገልግለዋል። በዚያን ጊዜ ከጦርነት የወጣችው አገር ሐኪምም ነርስም መድኃኒትም አልነበራትም ማለት ይቻላል። በዘመናዊ ትምህርት የሠለጠነች ኢትዮጵያዊት ነርስ በጣት የምትቆጠር ነበረች። ልዕልቷ በታካሚ አልጋ አጠገብ መታየታቸው ነርስነት ለተከበረ ቤተሰብ ልጅ የማይገባ ዝቅተኛ ሥራ ነው ይባል ለነበረው አስተሳሰብ ትልቅ መልስ ሆነ።

ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ከሌተና ኮሎኔል (በኋላ ጄኔራል) አቢይ አበበ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። ባለቤታቸው የወለጋ አገረ ገዥ ስለነበሩ አብረው ወደ ነቀምቴ ሄዱ። ኑሯቸው ግን አልረዘመም። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም በ22 ዓመታቸው ነቀምቴ ላይ አረፉ፤ በአዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ገዳምም ተቀበሩ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ላይ በአሜሪካ አንዲት ሴት ጽንስ ከወረዳት በኋላ ደሟ ተመርዞ ለሞት ተቃርባ ሳለ አዲስ በተገኘው ፔኒሲሊን ድና ነበር። መድኃኒቱ ግን ገና በሙከራ ላይ ነበርና እንኳን ነቀምቴ ለንደንም በገበያ አልነበረም።

ዛሬ መድኃኒቶቹ በአብዛኛው በእጃችን አሉ። እናት ከወለደች በኋላ ደም እንዳይፈሳት 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን በጡንቻ ትወጋለች። በእርግዝና የደም ግፊት ምክንያት ለሚመጣ መንቀጥቀጥ ማግኒዚየም ሰልፌት ይሰጣል። መድኃኒት በማጣት የሚሞተው ሲቀንስ፣ ያለውን መድኃኒት በትክክል የመስጠት ኃላፊነት በነርሷ እጅ ይወድቃል። ማግኒዚየም ሰልፌት ሕይወት አዳኝ ነው፤ ሲበዛ ግን ትንፋሽ ያቆማል። በጡንቻና በደም ሥር ሲሰጥ የሚያስፈልገው ክምችት የተለያየ ነው። ስለዚህ ቀጣዩን ከመስጠት በፊት እናቲቱ በደቂቃ ቢያንስ 16 ጊዜ መተንፈሷ፣ የጉልበቷ ምላሽ መኖሩ፣ ሽንቷም በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊሊትር መሆኑ ይታያል። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔትም በአጠገብ መዘጋጀት አለበት።

ሌሎችም ሁለት ሰው ሳያያቸው መሰጠት የሌለባቸው መድኃኒቶች አሉ። ያልተበረዘ ፖታሲየም ክሎራይድ በቀጥታ በደም ሥር ከተወጋ ልብ ያቆማል። ኢንሱሊን በራሱ ሲሪንጅ፣ በዩኒት ብቻ ይለካል። ለልብ ሩማቲክ ሕመም በየወሩ የሚሰጠው ቤንዛታይን ፔኒሲሊን በጥልቅ ጡንቻ ብቻ እንጂ በደም ሥር ፈጽሞ አይሰጥም። ሴፍትሪያክሶን ለጨቅላ ሕፃን ካልሲየም ካለበት የደም ሥር ፈሳሽ፣ ለምሳሌ ከሪንገር ላክቴት ጋር አይሰጥም። ከማንኛውም አንቲባዮቲክ በፊት ከዚህ በፊት መድኃኒት ተቆጥቶዎት ያውቃል? ተብሎ ይጠየቃል። ድንገት ሰውነት ቢያብጥ፣ ትንፋሽ ቢያጥር፣ ግፊት ቢወርድ መድኃኒቱ ይቆማል፤ ለአዋቂ 0.5 ሚሊግራም አድሬናሊን በጭን ጡንቻ ይሰጣል፤ ሐኪም ይጠራል። ስለዚህ አድሬናሊን ያለበትን ቦታ ሳታውቁ መርፌ አትጀምሩ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይሉኝታ ነው። ታላቅን ማክበር የአስተዳደጋችን መልካም ነገር ነው። ሆኖም አንዲት ተማሪ የሐኪሙ ጽሑፍ አልነበብ ሲላት፣ ወይም መጠኑ በዝቶ ሲታያት አፍራ ዝም ካለች የሚጎዳው ሦስተኛ ሰው ነው። እኔም እንደ ሐኪም ለተማሪዎች የምለው ይህንኑ ነው፤ ትዕዛዙን የጻፈው ሐኪም ሌሊት ሲቀሰቀስ ቢቆጣም ጠይቁት። ዶክተር፣ ይህ መጠን ለዚህ ልጅ ክብደት በዝቶ ታየኝ፤ እባክዎ ይዩልኝ ማለት ድፍረት አይደለም። በስልክ የተነገረ ትዕዛዝን ጽፋችሁ መልሳችሁ አንብቡ። ታካሚው ራሱ ይህ ክኒን ከትናንቱ ይለያል ካለም ቁሙ፤ ብዙ ጊዜ ልክ እሱ ነው። ስሕተት ተፈጥሮ ከሆነም ወዲያው ማሳወቅ ነው። ታካሚው የሚድነው ቶሎ ሲታወቅ ነው። ያልተለመደ የጎንዮሽ ጉዳት ሲታይ ደግሞ በጤና ተቋሙ በኩል ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሪፖርት ይደረጋል። ኃላፊዎችም እውነቱን የተናገረችን ነርስ በቅጣት ካስደነገጧት የሚቀጥለው ስሕተት እንደሚደበቅ ማወቅ አለባቸው።

ልዕልት ፀሐይ ካረፉ በኋላ የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ በእንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባሰቡ። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1944 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተከፈተ፤ ኢትዮጵያውያን ነርሶችም ሠለጠኑበት። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ስሙ ተቀይሮ ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል እየተባለ ይጠራል። ልዕልቷ በነርስነት አገራቸውን ያገለገሉት ከአንድ ዓመት ብዙም ላልበለጠ ጊዜ ነው። ሙያውን ግን የንጉሥ ልጅም ከታች ጀምራ ልትማረው የሚገባ አድርገው አሳይተዋል።

ለተማሪዎቻችን ባጭሩ፦ መለያውን ስታነሡት፣ ስትቀዱትና ስትመልሱት ሦስት ጊዜ አንብቡ፤ ታካሚው ስሙን ራሱ ይንገራችሁ፤ ስሌቱን ሌላ ሰው ይይላችሁ፤ ስትቀዱ ማንም አያናግራችሁ፤ ያልገባችሁን ጠይቁ፤ የሰጣችሁትን ወዲያው መዝግቡ። ለታካሚዎችና ለቤተሰቦቻቸው ደግሞ፦ የሚሰጣችሁ መድኃኒት ምን እንደሆነና ለምን እንደሆነ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ቤት ያሉትን መድኃኒቶች ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ በአንድ ከረጢት አድርጋችሁ ወደ ጤና ተቋም ስትሄዱ ይዛችሁ ሂዱ።